እናቴን ወደ እንግሊዝ ገጠር ልወስዳት ነው፦ ዕድሜ ያለው ማረፊያ እንዴት ልምረጥ?

ጤና_አዳም · ሰኞ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ ለዘመን መለወጫ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። 71 ዓመቷ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ መጥታለች፤ ያየችው ግን የለንደኑን ክሮይደንና የእኛን ሳሎን ብቻ ነው። ባለፈው ስትመለስ ለጎረቤት «እንግሊዝ አውቶቡስና ሱቅ ነው» ብላ አወራች። በጣም ቆጨኝ።

ዘንድሮ ሦስት ሌሊት ገጠር ልናሳድራት አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴና እሷ ነን። ሁለት ክፍል ያስፈልገናል። መኪና የለንም፣ የምንሄደው በባቡር ነው። ለማደሪያ በጠቅላላው 900 ፓውንድ ይዘናል። ከሐሙስ እስከ እሑድ።

የትም ብትሄድ አንድ ዓይነት የሆነ ሆቴል አልፈልግም። ዕድሜ ያለው፣ ሰው የኖረበት ቤት ነው የምፈልገው። ችግሩ ኢንተርኔት ላይ ሁሉም «ማራኪ»፣ ሁሉም «ታሪካዊ» ነው። በምን ልለየው? ደግሞ አብዛኞቹ ሥራቸው መጠጥ ቤት ነው። እማዬን ከቡና ቤት ፎቅ ላይ አሳደርኳት ብዬ ለማን አወራለሁ?

---

የሊድስ_ሐበሻ · ሰኞ ማታ

እህቴ፣ በመጨረሻው ነገር ልጀምር። እኛ አገር «ቡና ቤት አደረ» ሲባል ምን እንደሚታሰብ አውቃለሁ። እዚህ ያለው ኢን ግን ሌላ ነው። ሥረ መሠረቱ የመንገደኛ ማደሪያ ነው። የመሸበት የእግዜር እንግዳ እንደምንለው። መንገደኛው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፈረሱ ይታሰርለታል፣ ይተኛል። መጠጡ ከዚያ ውስጥ አንዱ ነው።

ይህ በሕግም አለ። የ1956ቱ የሆቴል ባለቤቶች ሕግ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሆቴልን ሲተረጉም፣ መክፈል የሚችልና ለመስተናገድ የሚበቃ መንገደኛ ሲመጣ አስቀድሞ ውል ሳይኖረው ምግብ፣ መጠጥና ካስፈለገም መኝታ የሚያቀርብ ቤት ነው ይላል። ሐሳቡ ከሕጉ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

በ1784 ከብሪስቶል ለንደን የፖስታ ሠረገላ ሲጀመር ደግሞ እነዚህ ቤቶች ትልቅ ዘመን ገቡ። ፈረስ በየጥቂት ማይሉ መቀየር አለበት፤ የሚቀየረው በኢኑ ግቢ ነው። ከመንገድ ላይ ሆነሽ ሠረገላ የሚያስገባ ሰፊ ቅስት ካየሽ፣ ከቅስቱም በስተጀርባ ግቢ ካለ፣ የዚያ ዘመን ቤት ነው ማለት ነው። ባቡር ሲመጣ ብዙዎቹ ከሰሩ። የቀሩት ናቸው ዛሬ የምናድርባቸው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ስታምፎርድ ከተማ ያለው ዘ ጆርጅ ነው። ከለንደን ወደ ሰሜን የሚሄደው የድሮው ዋና መንገድ ላይ ነው። ምልክቱ ከግድግዳው ላይ አልተሰቀለም፤ እንደ በር ጉበን አስፋልቱን ተሻግሮ ቆሟል። መግቢያው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት በሮች አሉ። አንዱ «ለንደን»፣ ሌላው «ዮርክ» ይላል። የየአቅጣጫው መንገደኛ ሠረገላ እስኪደርስ የሚጠብቅባቸው ክፍሎች ነበሩ። በደጉ ዘመን በቀን 20 ሠረገላ ወደ ላይ፣ 20 ወደ ታች ያልፍ ነበር። እኔ ያን በር ሳይ የመርካቶ አውቶቡስ ተራ ነው የታወሰኝ። ዋጋው ግን ከያዛችሁት ይበልጣል። ለምሳ ወይም ለሻይ መግባት ይቻላል።

---

ቀይ_ሻማ · ማክሰኞ ጠዋት

እኔ በአንድ የገጠር ሆቴል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ አልጋ አነጥፍ ነበር፣ በኋላ እንግዳ መቀበያው ላይ። ስለዚህ የምነግርሽን ከውስጥ ነው የማውቀው።

ሆቴሉን አትምረጪ። ክፍሉን ምረጪ።

አሮጌ ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል አይመሳሰልም። አንዱ ትልቅ መስኮት አለው፣ ወደ አትክልቱ ያያል። በዚያው ዋጋ የሚሸጠው ሌላው ከወጥ ቤቱ የአየር ማውጫ በላይ ነው፣ እስከ ማታ ያጓራል። ድረ ገጹ ላይ የምታዩት ፎቶ የምርጡ ክፍል ነው። እናንተ የምታገኙት በስልክ ካልጠየቃችሁ የቀረውን ነው። እኛም እንዲያ ነበር የምናደርገው፤ ዝም ያለ እንግዳ የተረፈው ይደርሰዋል።

ሁለተኛው ነገር «ዋናው ቤት ነው ወይስ ጓሮ?» የሚለው ነው። ብዙ ኢኖች የድሮውን የፈረስ በረት ወይም ጎተራ ክፍል አድርገውታል። አንዳንዱ በጣም ጥሩ ነው፤ ጸጥ ይላል፣ ደረጃ የለውም። ግን ፊት ለፊቱ የ400 ዓመት ቤት አይተሽ፣ ማታ የምትተኚው ባለፈው ዓመት ተለስኖ በተቀባ ክፍል ይሆናል። ለእናትሽ ዕድሜና ጉልበት የትኛው እንደሚሻል አንቺ ታውቂያለሽ። ብቻ ሳታውቂ አይሁን።

እኔ ብሆን ደውዬ የምጠይቀው ይህን ነው። ደረጃው ስንት ነው? አሳንሰር በአብዛኞቹ የለም። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ያለ ልዩ ፈቃድ ግድግዳ መብሳት፣ መስኮት መቀየር አይቻልም። መስኮቱ ነጠላ መስታወት የሆነውም፣ ወለሉ ያዘመመውም ለዚያ ነው። መታጠቢያው ገንዳ ብቻ ነው ወይስ ቆሞ መታጠቢያ አለው? ለ71 ዓመት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባለ አራት ምሰሶ አልጋ ነው? ፎቶ ላይ ያምራል፤ ግን አንዳንዱ ከፍታው እናትሽን ያስቸግራታል። ቅዳሜ ሠርግ አለ? ካለ ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ምሳ የሚያበቃው በስንት ሰዓት ነው?

ደግሞ ስልኩን ያነሳውን ሰው ስሚው። «ቆይ፣ ክፍል 4 ይሻላችኋል፣ ደረጃው ሦስት ብቻ ነው» ካለሽ ያ ሰው ቤቱን ያውቀዋል። «ሁሉም ድረ ገጹ ላይ አለ» ካለሽ ሌላ ቤት ደውዪ።

---

አውቶቡስ_12 · ማክሰኞ ቀትር

ይቅርታ፣ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ለአዛውንት ሰው አሳንሰር፣ ሙቅ ክፍልና ሰፊ መታጠቢያ ነው የሚያስፈልገው። ከከተማ ወጣ ብሎ አዲስ ሆቴል ያዙ፣ ቀን ቀን መንደሮቹን ጎብኙ። በግማሽ ዋጋ ይሆንላችኋል።

እኔ አባቴን ይዤ አንድ አሮጌ ኢን ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም። የበሩ ጉበን ዝቅ ያለ ነው። አባቴ ረጅም ሰው ነው፣ ገና ሲገባ ግንባሩን መታው። ክፍላችን ሁለተኛ ፎቅ ነበር። ደረጃው ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ሻንጣውን እኔ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት። ማታ ሲነሳ ወለሉ ያዘመመ ስለሆነ ሚዛኑን ስቶ ሊወድቅ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ነው ያለው። ባህርይ ያለው ቤት ለወጣት ነው።

---

ቀይ_ሻማ · ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ አባትህ ላይ የደረሰው አሳዝኖኛል። ግን ያ ቤቱ ሳይሆን ክፍሉ ነው። ያው ቤት ምድር ላይ ክፍል ሊኖረው ይችላል። ማንም አልነገረህም፣ አንተም አልጠየቅክም። ለዚህ ነው ደውሉ የምለው።

ያልከው ሙቀት ግን እውነት ነው። መስከረም ላይ ማታ ይበርዳል። ተጨማሪ ብርድ ልብስ አስቀድሞ ማዘዝ ነው።

---

ጤና_አዳም · ማክሰኞ ማታ

አውቶቡስ_12፣ ስለ አባትህ ስላካፈልከን አመሰግናለሁ። የእማዬም ቀኝ ጉልበት ያማታል። ስለዚህ ምድር ላይ ያለ ክፍል ግድ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ። እናቴ የኖረችው ጉለሌ፣ አያቷ በሠሩት ቤት ነው። ያ ቤት ፈርሷል። ባለፈው ዓመት ቦታውን ሄዳ አየችና ሳምንት ሙሉ ዝም አለች። ያረጀ ቤት የሚጠበቅበት፣ ሰው የሚተኛበት፣ በፍቅር የሚያዝበት አገር እንዳለ እንድታይ እፈልጋለሁ። ለዚያ ነው አዲስ ሆቴል የማልፈልገው።

አሁን ቦታ ምከሩኝ። ባለቤቴ ኮትስዎልድስ የሚባለውን ገጠር ይላል።

---

የሊድስ_ሐበሻ · ማክሰኞ ሌሊት

ኮትስዎልድስ ያምራል፣ አልዋሽሽም። ማር የመሰለ ድንጋይ ነው፤ ቤቱም አጥሩም ቤተ ክርስቲያኑም ከዚያው ተፈልፍሎ የወጣ ይመስላል። ግን ቢበሪ የመሰሉት መንደሮች በጎብኚ አውቶቡስ ይጨናነቃሉ። እዚያው ቢበሪ ያሉት አርሊንግተን ሮው የሚባሉት ትንንሽ ቤቶች በ14ኛው መቶ ዘመን የሱፍ ማከማቻ ሆነው ነው የተሠሩት፣ በኋላ የሸማኔ መኖሪያ ሆኑ። አሁን ሰው በሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። መኪና ከሌላችሁ ደግሞ እሑድ አውቶቡስ የማይገባበት መንደር ብዙ ነው። ታክሲም አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። ስለዚህ ባቡር ጣቢያ ያለበት ከተማ ያዙ። ሞርተን ኢን ማርሽ የምትባለው ከተማ ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ በቀጥታ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው።

አንድ ነገር ላክል። «ንጉሥ እገሌ እዚህ አድሯል» በሚለው ብቻ ቤት አትያዙ። ብሮድዌይ መንደር ያለው ላይገን አርምስ፣ እርስ በርስ የተዋጉት ንጉሡ ቻርልስ 1ኛና የጦር መሪው ክሮምዌል ሁለቱም አድረውበታል ይባላል። ማልምዝበሪ ያለው ዘ ኦልድ ቤል ደግሞ ከ1220 ጀምሮ እንግዳ ይቀበላል ተብሎ የእንግሊዝ ጥንታዊው ሆቴል ነኝ ይላል። ታሪኩ ደስ ይላል። ሌሊቱን የሚያሳምረው ግን ፍራሹ ነው።

---

ኮረብታ_ወዳጅ · ረቡዕ ጠዋት

እኔ ሰሜን እላለሁ! ሌክ ዲስትሪክት፣ ላንግዴል ሸለቆ ውስጥ ኦልድ ደንጀን ጊል የሚባል አለ። ተራራ ወጪዎች የሚያድሩበት ነው። የእግረኞች ባሩ ድሮ የላም በረት ነበር፤ ላሞቹ የሚታሰሩበት ክፍልፋይ አሁን መቀመጫ ነው። ጭቃ ጫማህን ይዘህ ትገባለህ፣ ማንም ፊቱን አያጠቁርብህም።

ከፍታ የሚወድ ደግሞ ዮርክሸር ዴልስ ላይ ታን ሂል ኢን አለ። 528 ሜትር ላይ ነው፤ በብሪታንያ ከፍተኛ ቦታ ላይ ያለው መጠጥ ቤት (ፐብ)። በኅዳር 2021 (በፈረንጅ) ከ60 በላይ ሰዎች ሙዚቃ ሊሰሙ ሄደው በረዶ ዘጋባቸውና ሦስት ሌሊት አብረው አደሩ። ሲወጡ ጓደኛ ሆነው ነበር። የኢን ትርጉሙ ይኸው ነው።

---

ጤና_አዳም · ረቡዕ ጠዋት

ደስ ይላል፣ ግን ለእማዬ ሩቅ ነው። እኔና ባለቤቴ ሌላ ጊዜ እንሄድበታለን።

---

የባዝ_ነዋሪ · ረቡዕ ማታ

ልጄ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ከለንደን ከወጣሁ ብዙ ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ባዝ ነው። እናትሽ በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው መሰለኝ። ስለዚህ የጃንሆይን መንገድ ለምን አትከተሉም?

ጃንሆይ በ1936 (እኔም ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በስደት ሲመጡ መጀመሪያ የተንከራተቱት ሆቴል ለሆቴል ነው። ዎርዚንግ በሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ዎርንስ ሆቴል ቆይተዋል። ከዚያ ባዝ መጥተው ፌርፊልድ ሃውስን ገዙ። እስከ 1940 የኖሩት እዚያ ነው። በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን አገልግሎት እንዲውል ለባዝ ከተማ ሰጡት። ዛሬም ቆሟል። ለጎብኚ የሚከፈትበትን ቀን ደውላችሁ ጠይቁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሞልቨርንን ነው። ዉስተርሸር ውስጥ፣ ከኮረብታ ሥር ያለች ከተማ ናት። የጃንሆይ የልጅ ልጆችና የሹማምንቱ ሴቶች ልጆች እዚያ ክላሬንደን ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ጃንሆይ ሊያዩዋቸው ሲሄዱ የሚያርፉት አቢ ሆቴል ነው። ሐረግ የወጣበት ትልቅ ቤት ነው፤ ጎኑ የጥንት ገዳም ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የ15ኛው መቶ ዘመን ባለ ቀለም መስታወት ያለበት። በ2011 ለጃንሆይ ቆይታ መታሰቢያ ሰማያዊ ሰሌዳ ተመርቆላቸዋል።

ከፓዲንግተን ቀጥታ ባቡር አለ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። የሚያልፈው በኦክስፎርድና በሞርተን ኢን ማርሽ ነው። ስለዚህ ኮትስዎልድስን በመስኮት ያዩታል። እናትሽን በመስኮት በኩል አስቀምጫቸው።

---

ጤና_አዳም · ረቡዕ ማታ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንባዬ መጣ። ይህንን አላውቅም ነበር። ሞልቨርን ወስነናል።

---

ዳማ_ከሴ · ሐሙስ ጠዋት

ለምግቡ ነገር ልግባ። እናትሽ ይጾማሉ? ዓርብ እዚያ ከሆናችሁ አስቢበት። የእንግሊዝ ቁርስ እንቁላል፣ ቤከንና ቋሊማ ነው። ግን አስቀድሞ ከተነገራቸው እንጉዳይ፣ ቲማቲም፣ ባቄላና ዳቦ በዘይት ይሠራሉ። የአጃ ገንፎም በውሃ ይሠራሉ። ቅቤ አለመኖሩን አስረግጠሽ ንገሪያቸው። «ቬጀቴሪያን» ብትዪ አይብና እንቁላል ይመጣል። «ቪጋን» በዪ።

ትልቁ ችግር ሌላ ነው። እናቴ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች (ሰዓቱ በሐበሻ ነው)። የገጠር ኢን ወጥ ቤት ደግሞ ምሳ የሚያበቃው 8 ወይም 8 ተኩል ላይ ነው። ከዚያ እስከ ማታ 12 ምንም የለም። ልክ በምትፈታበት ሰዓት ወጥ ቤቱ ዝግ ነው! አንዴ ይዘናት ስንሄድ ሩጠን ሱቅ ፍለጋ ገባን፣ መንደሩ ውስጥ ሱቅ አልነበረም። በማግሥቱ ለኢኑ ባለቤት ስነግራት «ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩኝ፣ ሾርባ አስቀምጥላቸው ነበር» አለች። ስለዚህ ንገሯቸው።

---

ሸገር_በርሚንግሃም · ሐሙስ ቀትር

ቡናስ? ክፍል ውስጥ የምታገኙት የውሃ ማፍያና የፈጣን ቡና ከረጢት ነው። ጀበናውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ግን ቡናውን ቤት ቆልታችሁ፣ ፈጭታችሁ። ክፍል ውስጥ እንዳትቆሉ፣ ዕጣንም እንዳታጨሱ። የጭስ መጠቆሚያው ይጮኻል፣ ቤቱ ሁሉ ይወጣል። ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው የ500 ዓመት እንጨት የሆነ ቤት ውስጥ እሳት ቀልድ አይደለም።

ለባቡሩ ደግሞ ለሁለት ሰው አብሮ የሚያገለግለውን ካርድ አውጡ። ሲሶ ይቀንሳል። በሥራ ቀን ግን ከጠዋቱ 3 ተኩል በፊት አይሠራም። ብዙ ኢን ቅዳሜን ለብቻ አይሰጥም፣ ሁለት ሌሊት ያዙ ይላል። እሑድ ሌሊት ግን ይረክሳል።

---

ጤና_አዳም · መስከረም፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ

ተመልሰናል! ሁላችሁንም ላመሰግን ነው የመጣሁት።

አምስት ቦታ ደወልኩ። ሦስቱ «ድረ ገጹን ተመልከቱ» አሉኝ። አራተኛው ሠርግ ነበረው። አምስተኛዋ ሴት፣ ከሞልቨርን ትንሽ ወጣ ያለ ኢን ያላት፣ ስለ እማዬ ጉልበት ስነግራት «ቆዪ» ብላ ሄዳ ደረጃውን ቆጠረች። አንድ ደረጃ ብቻ ያለው ክፍል አላት፣ ድሮ የወተት ማስቀመጫ የነበረ። እኛ ከላይ፣ እማዬ ከታች። 840 ፓውንድ ከነቁርሱ።

ዓርብ 9 ሰዓት ላይ የምስር ሾርባ ጠበቃት። ሴትየዋ ራሷ ይዛ መጣች። እማዬ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፣ ሴትየዋም ጎንበስ አለች። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ምድጃው አጠገብ ሁለቱ ይቀመጡ ነበር። እኔ ነበርኩ አስተርጓሚ። እማዬ መጀመሪያ የጠየቀችው «ይህን ምድጃ ማን ሠራው?» ነው። ሴትየዋ የሠራውን አታውቅም፤ ግን የትኛው ድንጋይ እንደተተካ፣ መቼ እንደተተካ አንድ በአንድ አሳየቻት። እማዬ ድንጋዩን በእጇ ዳሰሰችው።

ወደ ኢኑ ስንሄድ መንገድ ላይ ሣር ክዳን ቤት አይታ ታክሲውን አስቆመችው። «እንግሊዝም ጎጆ አለ?» አለች። ወርዳ ክፈፉን አየችና «ክዳኑ ከእኛ ይወፍራል» ብላ ተመለሰች።

ቅዳሜ አቢ ሆቴል ሻይ ጠጣን። ሰሌዳውንም አሳየኋት። አነበብኩላት። ነጠላዋን አስተካከለችና ከጎኑ ቆመች፣ ፎቶ አንሺኝ አለች። ከዚያ የገዳሙን ቤተ ክርስቲያን ደወል ስትሰማ አማተበች። ጋሼ፣ ያንን ፎቶ በግል ልኬልዎታለሁ።

አውቶቡስ_12፣ የነገርከን ጠቅሞናል። ማታ ማታ መታጠቢያው በር ላይ መብራት እንዲተው አስቀድሜ ጠይቄ ነበር።

---

አውቶቡስ_12 · በዚያው ቀን

እንኳን ደስ አላችሁ። የክፍሉን ቁጥር ብትነግሪኝ? አባቴን ልሞክረው ነው።

---

ጤና_አዳም · በዚያው ቀን

ቁጥር የለውም። በሩ ላይ «የወተት ቤት» ነው የሚለው። ስልኩን በውስጥ ልኬልሃለሁ። ስትደውል የበሩ ጉበን ስንት ሜትር እንደሆነ ጠይቃት፤ ትለካልሃለች።